ለእናቴ የስኳር ሴንሰር ልላክላት ወይስ ሰዓቱ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ 68 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። በቅርቡ ሁለት ጊዜ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ አብራት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት የደረሰችላት። እዚህ የሥራ ባልደረባዬ ክንዷ ላይ ሴንሰር ለጥፋ ስኳሯን በስልኳ ታያለች። ለእናቴም ልልክላት አስቤያለሁ። ፋርማሲ ውስጥ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ አለ አሉኝ። ዱባይ ያለው ወንድሜ ደግሞ ያለ መርፌ ስኳር የሚለካ ሰዓት ገዝቼ ልላክ ይላል። የቱ ይሻላል? ከዚህ ሆኜ ማየት እችላለሁ? ጣቷን መወጋቱስ ይቀራል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሰዓቱ ልጀምር። ወንድምሽ እንዳይገዛው ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍ ዲ ኤ በፌብሩዋሪ 2024 ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቆዳ ሳይበሳ በራሱ የደም ስኳር የሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም እንዳልፈቀደ ነው ያስታወቀው። እነዚህ ሰዓቶች ቆዳ ላይ ብርሃን እያበሩ የልብ ምት ያነባሉ፤ ያንን ደህና አድርገው ይሠሩታል። የስኳሩ ቁጥር ግን የሚታመን አይደለም። የእናትሽ ስኳር 48 ላይ ወርዶ ሰዓቱ 110 ቢያሳይ፣ አጠገባቸው ያለው ሰው «ደህና ናቸው» ብሎ ይተኛል። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ከማየት ምንም ቁጥር አለማየት ይሻላል። አንዳንድ ሰው «እኔ ግን ስኳሬን በሰዓቴ አያለሁ» ይልሻል። እሱ ክንዱ ላይ እውነተኛ ሴንሰር አለው፤ ሰዓቱ የሚያሳየው ሴንሰሩ የለካውን ነው። ያ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዕቃው ሁሉ ይቀድማል። ሴንሰሩ እስኪደርስ አትጠብቂ። በ68 ዓመት ሰው ላይ ሁለት ጊዜ ሌሊት ስኳር መውረዱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኢንሱሊኑ መጠን እንደገና መታየት አለበት። በዚህ ሳምንት ሐኪማቸውን ያግኙ። ሲሄዱም የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ለዓመታት ልክ የነበረው መጠን ሳይታወቅ ከመጠን በላይ ይሆናል። ይህን ማስተካከል የሚችል ሴንሰር የለም። የሚያስተካክለው ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ፋርማሲው ልምጣ። ያለ ትዕዛዝ የሚሸጥ አለ መባሉ እውነት ነው። ዴክስኮም የሚባለው ኩባንያ ስቴሎ የሚል ሴንሰር አለው፤ በማርች 2024 ነው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዲሸጥ የተፈቀደለት። አቦት የተባለው ኩባንያም ሊንጎ የሚል አለው። ሁለቱም ለእናትሽ አይሆኑም። የተሠሩት ኢንሱሊን ለማይወስዱ ሰዎች ነው። ስቴሎ ስኳር ሲወርድ የሚጮህ ደወል የለውም። የእናትሽ ችግር ደግሞ ሌሊት መውረዱ ነው። በመልክ ከሌሎቹ ስለማይለይና ማንም ገብቶ ስለሚገዛው፣ ልጆች በቅን ልብ ገዝተው የሚልኩት እሱን ነው። አንቺ አታድርጊው።

ለእሳቸው የሚሆነው ደወል ያለው ነው። ፍሪስታይል ሊብሬ 2 ወይም 3፣ ወይም ዴክስኮም ጂ6 ወይም ጂ7። እንዲህ ያሉት አሜሪካ ውስጥ በሐኪም ትዕዛዝ ነው የሚሸጡት፤ የአንቺ ሐኪም ደግሞ እናትሽን ሳያይ አያዝላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ አበባ ያለውን ሐኪማቸውን አማክሩ። እሱ ሳያውቅ የተለጠፈ ሴንሰር ጥቅሙ ግማሽ ነው። (እግረ መንገዴን፣ ወላጆቻቸው አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከአፕሪል 2023 ጀምሮ ኢንሱሊን ለሚወስድ ለማንኛውም የስኳር ታማሚ ሴንሰሩን ይሸፍናል። ድሮ በቀን ብዙ ጊዜ መወጋት ይጠይቅ ነበር፤ አሁን በቀን አንድ ጊዜ ለሚወጋም ይሆናል። ሐኪማችሁን ጠይቁ።)

መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ካወቅሽ ከጥያቄሽ ግማሹ በራሱ ይመለሳል። ክንድ ላይ የሚለጠፈው ነገር ከሳንቲም ብዙ አይበልጥም። ከሥሩ በጣም ቀጭን ክር አለው። ክሩ ከቆዳ ሥር የሚገባው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሚያስገባው መርፌ ወዲያው ይወጣል፤ የሚቀረው ክሩ ብቻ ነው። ክሩ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ ስኳር ሲያገኝ ኬሚካዊ ለውጥ ይፈጠራል፤ ከዚያ በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሳል። ስኳሩ ሲበዛ ጅረቱ ይጨምራል። ሴንሰሩ ይህን ወደ ቁጥር ቀይሮ በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል። ዴክስኮም በየ5 ደቂቃው፣ ሊብሬ 3 በየደቂቃው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢንዛይምና ኤሌክትሮድ አገናኝቶ ስኳር የመለካትን መንገድ በ1962 ያቀረበው ሌላንድ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነው። ያለማቋረጥ የሚለካ የመጀመሪያው መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ግን በ1999 ነው። ያኔ የሚሠራው ለሦስት ቀን ብቻ ነበር። ታማሚው ቁጥሩን አያይም፤ ሐኪሙ ነው በኋላ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ የሚያነበው። ዛሬ ሊብሬ 2 ለ14 ቀን ይቆያል፤ ቁጥሩም ደወሉም ታማሚው እጅ ላይ ነው። ለእናትሽ ለውጡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዢልኝ። ክሩ ያለው ደም ሥር ውስጥ አይደለም። በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ስኳር ከደም ወደዚያ ፈሳሽ እስኪደርስ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ወንዙ ሲጎድል ከእሱ የተጠለፈው ቦይ ዘግይቶ እንደሚጎድለው ነው። ስኳሩ ረጋ ሲል ልዩነቱ አይታወቅም። በፍጥነት ሲወርድ ግን ሴንሰሩ 82 እያለ ደሙ 65 ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከቁጥሩ ጎን ያለችው ቀስት ከቁጥሩ እኩል የምትነበበው። 82 ሆኖ ቀስቷ አግድም ከተኛች ደህና ነው። 82 ሆኖ ቀስቷ ቁልቁል ካየች ግን ተነስቶ ስኳር ማዘጋጀት ነው። የአክስትሽን ልጅ ከሁሉ በፊት ይህን አስተምሪያት። ቁጥር ሁሉም ያነባል፤ ቀስት የሚያነብ ጥቂት ነው።

መዘግየቱ በተቃራኒውም ይሠራል። እናትሽ ስኳር ጠጥተው ደማቸው ሲመለስ፣ ሴንሰሩ ለጥቂት ደቂቃ ገና «ዝቅተኛ» እያለ መጮሁን ይቀጥላል። ቤት ያለው ሰው ይደነግጣል። ሌላ ብርጭቆ ይጨምራል፣ ማር ያስልሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩ 300 ይገባል። በዚህ ጊዜ ማመን ያለባችሁ ጣት ተወግቶ የሚገኘውን ቁጥር ነው።

ስለዚህ ጣት መወጋቱ ይቀራል ወይ ላልሽው፣ በጣም ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። መለኪያ ማሽኑና ስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት ቁራጭ) ቤት ውስጥ መኖር አለባቸው። ስሜታቸውና ቁጥሩ ካልተስማማ ጣት ይወጋል። ላብ ላብ እያላቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስልኩ 120 ካለ፣ ስልኩን አትመኑት። ሴንሰሩ በተለጠፈ በመጀመሪያው ቀንም ቁጥሩ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ያን ቀን ደጋግሞ ማመሳከር ደግ ነው። ሌላም አለ። ሰው ሴንሰሩ ባለበት ክንድ ላይ ተጭኖ ሲተኛ ፈሳሹ ከቦታው ይገፋና ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይወርዳል። ሌሊት ደወሉ ጮኾ እናትሽ በዚያው ጎናቸው ተኝተው ከተገኙ፣ ይገልብጧቸውና ጣት ይውጉ። ሁልጊዜ በቀኝ የሚተኙ ከሆነ ግራ ክንድ ላይ ይለጠፍ። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ የሌሊት ድንጋጤ ታስቀራለች።

ከአሜሪካ የምትልኪላቸውን ቫይታሚንም እዪው። በቀን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ የሊብሬን ቁጥር ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ከፍ ማድረግ ማለት የወረደውን መደበቅ ማለት ነው። 1000 የሚል ጠርሙስ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ይቅር። ፓራሲታሞል የድሮዎቹን ዴክስኮሞች ያሳስት ነበር፤ ጂ6 እና ጂ7 ላይ በተለመደው መጠን ችግር የለውም።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የኢንሱሊኑን ዓይነት አልጻፍሽልኝም። አገር ቤት ጠዋትና ማታ የሚወጋው በብዛት ኤን ፒ ኤች ወይም 70/30 የሚባለው ቅልቅል ነው። ኤን ፒ ኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እናትሽ ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚወጉ ከሆነ፣ ኃይሉ የሚመጣው ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ ነው። ያን ጊዜ እራት ተፈጭቷል፣ ሰው ተኝቷል። እራቱ ቀለል ያለ ወይም የተዘለለ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

በእሳቸው ላይ የሚከብድ ሌላም ነገር አለ። ስኳር ከ20 ዓመት በላይ የቆየበት ሰውነት መውረዱን የሚናገርበትን ምልክት እየረሳ ይሄዳል። በፊት 70 ላይ ሲንቀጠቀጡ የነበሩ ሰዎች 50 ገብተውም ምንም አይሰማቸውም። የግፊት መድኃኒታቸው እንደ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ያለ ከሆነ፣ የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይሸፍናል። ላቡ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሌሊት ትራሱና ልብሱ በላብ ርሶ ከተገኘ ስኳር ነው ብላችሁ ጀምሩ። የደወሉ ዋጋ የሚታየው እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ነው። ሰውነቱ መናገር ሲያቆም ሴንሰሩ ይናገርለታል።

ደወሉን እንዴት እንደምትሞሉት ልንገርሽ። የዝቅታውን ደወል ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግራችሁ 80 ላይ አድርጉት። 70 ላይ ሲጮህ፣ በመዘግየቱ ምክንያት ደሙ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። የከፍታውን ደወል ግን መጀመሪያ ላይ ወይ አጥፉት ወይ 300 ላይ አድርጉት። 180 ላይ ከተዋችሁት ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ይጮሃል። በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ ይሰለቸዋል፤ በአምስተኛው ቀን ስልኩን ድምፅ አልባ ያደርጉታል። ከዚያ እውነተኛው ሌሊት ሲመጣ የሚሰማ የለም።

ሲጮህስ ምን ይደረጋል? ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ፣ በሻይ ማንኪያ ከሦስት እስከ አራት ስኳር በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ወይም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ለስላሳ፤ ስኳር አልባው አይሆንም። ይህ 15 ግራም ገደማ ስኳር ነው። 15 ደቂቃ ጠብቆ ጣት ወግቶ ማየት። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይደገማል። ሲመለስ ዳቦ ወይም ቂጣ ነገር ይቅመሱ፤ ኢንሱሊኑ ገና ሥራውን አልጨረሰምና። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ነገር በአፋቸው አይሰጥ። ማርም ቢሆን፣ ስኳር ውኃም ቢሆን። ወደ ሳንባ ይገባል። በጎናቸው አስተኝቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ግድግዳ ላይ ጽፈው ይለጥፉት።

ከዚህ ሆነሽ ማየት ትችያለሽ ወይ? ትችያለሽ። ሊብሬ ሊብሬሊንክአፕ የሚባል፣ ዴክስኮም ደግሞ ፎሎው የሚባል ለቤተሰብ የሚሆን አፕ አላቸው። ቁጥሩ ከእናትሽ ስልክ በኢንተርኔት ወደ አንቺ ስልክ ይመጣል። በዚህ ላይ የሰዓት ልዩነታችሁ በጣም ይረዳሻል። ሜሪላንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ኖቬምበር ላይ ሰዓታችሁ ሲለወጥ 10 ሰዓት ይሆናል። አንቺ ከሥራ ገብተሽ እራት የምትበዪበት ጊዜ የእናትሽ አስጊ ሰዓት ነው። እዚያ ሁሉም ሲተኛ አንቺ ንቁ ነሽ። ሩቅ ያለ ልጅ «ምንም አላደርግላቸውም» ብሎ ሲብሰለሰል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ይህች የሌሊት ዘብ ግን እውነተኛ እርዳታ ናት።

ነገር ግን አንቺ ስኳር በጥብጠሽ አታጠጪም። የሚያጠጣው ሰው አጠገባቸው ያለው ነው። ስለዚህ ደወሉ መጀመሪያ መጮህ ያለበት የአክስትሽ ልጅ ጆሮ ሥር ነው፤ የአንቺ ስልክ ሁለተኛ ነው። እሷ የምትተኛው ሌላ ክፍል ከሆነ ሌሊት በሩ ይከፈት ወይም አንድ ክፍል ይሁኑ። ዋናው ስልክ ከእናትሽ ጋር ይኑር። ብሉቱዙ በክፍት ቦታ ከ6 እስከ 10 ሜትር ነው የሚደርሰው፤ ግድግዳ ሲኖር ያንሳል። የአክስትሽ ልጅ ስልክ ላይ ከጫናችሁትና ጠዋት ሥራ ይዛው ከሄደች፣ ሴንሰሩ ለማንም አይናገርም። አንቺ ደውለሽ ባታነሳስ? ቀጥሎ ለማን ነው የምትደውዪው? የጎረቤት ስልክ፣ የአጎት ስልክ፤ ቅደም ተከተሉን አሁን ጻፊው። ደንግጠሽ በሌሊት የምትፈልጊው ነገር እንዳይሆን።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ሴንሰሩ አይቆምም። በብሉቱዝ ስልካቸው ላይ ይቆጥራል፣ ደወሉም ይጮሃል። አንቺ ጋ ግን ዝም ይላል። የአንቺ ስልክ ዝም ማለት እናትሽ ደህና ናቸው ማለት አይደለም፤ ዳታው አልቆ ወይም መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። አፑ ላይ «የመጨረሻው ቁጥር የደረሰበት ሰዓት» የሚለውን ማየት ልመጂ።

ስለ ስልኩም ጠንቀቅ በዪ። ማንኛውም ስልክ አይሆንም፤ ኩባንያዎቹ የሚሠራባቸውን ስልኮች ዝርዝር በድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ይዘጉታል። ሌሊት ላይ አፑ ተዘግቶ ያድራል፣ ደወልም የለም። ሴቲንግ ገብታችሁ የባትሪ ቁጠባውን ለዚህ አፕ አጥፉ። «አትረብሽ» የሚለውን ተሻግሮ እንዲጮህም ፍቀዱለት። ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ ይደር። ይህ ሁሉ ካደከማችሁ ሊብሬ 2 ስልክ የማይፈልግ የራሱ ማንበቢያ መሣሪያ አለው። ደወሉ ከማንበቢያው ይጮሃል። አንቺ በቀጥታ አታዪም፤ ለእናትሽ ግን ቀላል ነው። ለአንዳንድ ቤት የምመርጠው እሱን ነው።

ሴንሰሩና አፑ የአገር ጉዳይም አለባቸው። ባንዱ አገር የተገዛ ሴንሰር በሌላ አገር አካውንት በተጫነ አፕ ላይ አልነሳም ሊል ይችላል። ሴንሰሩን ከየት እንደምታገኚው ከወሰንሽ በኋላ አፑንም ከዚያው አገር ጋር አስማሚው። ከለንደን ዘመድ የሚልክ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በሌላ መለኪያ ነው የሚመጣው። 100 የምንለውን 5.5 ይለዋል። በ18 ማባዛት ነው። ይህን ያልተነገራት እናት «ስኳሬ 5 ገባ» ብላ ልትደነግጥ ትችላለች። ሲጓጓዝ ከሰው ጋር በእጅ ሻንጣ ይሂድ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክና የሚያበቃበትን ቀን እዪ። ከፍታው አያሳስብሽ። ሊብሬ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ አዲስ አበባ ከዚያ በታች ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የማስበውን በግልጽ ልንገርሽ። አንድ ሴንሰር 14 ቀን ከቆየ ለዓመት 26 ያስፈልጋል። አቅምሽ ከፈቀደ፣ እናትሽ ካሉበት ሁኔታ አንጻር ያለማቋረጥ ቢለጥፉ ደስ ይለኛል። ካልፈቀደ ግን ቅደም ተከተሉን አታዛቢው። መጀመሪያ ኢንሱሊኑ ሳይቋረጥ በፍሪጅ መኖሩ፣ ቀጥሎ ስትሪፑ እንደ ልብ መኖሩ፣ ቀጥሎ የሐኪም ክትትሉ። ሴንሰሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ስትሪፕ ለመግዛት የሚሳሱ ቤተሰቦች ሴንሰር ለመላክ ሲበደሩ ያሳዝነኛል። አቅም ለሌለው ሰው የምመክረው፣ ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ሁለት ሳምንት ለጥፎ ውጤቱን ይዞ መሄድ ነው። በሦስት ወር አንዴ፣ በዓመት አራት ማለት ነው። መጠኑ በተቀየረ ጊዜ ደግሞ አንድ መጨመር።

ያ ሁለት ሳምንት ለሐኪሙ ብዙ ነገር ያሳየዋል። የሦስት ወሩ የደም ምርመራ አማካይ ነው የሚነግረው። ውጤቱ 7 ከመቶ ሆነ ማለት ስኳሩ በአማካይ 154 ገደማ ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ በ154 አካባቢ ቢቆይም፣ ሌላው ሌሊት 55 ቀን 260 እየሆነ ቢዋልልም፣ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም 7 ናቸው። ሐኪም ጠዋት የተለካውን 190 ብቻ አይቶ የማታውን መጠን ሊጨምር ይችላል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሆነውን ያየለት የለምና። ሴንሰሩ ያንን ሌሊት ያወጣዋል። አፑ የ14 ቀኑን በአንድ ገጽ ግራፍ አድርጎ ያዘጋጃል። አሳትመው ይዘው ይሂዱ፤ ስልክ ላይ ከማሳየት ወረቀቱ ይሻላል፤ ካርዳቸው ውስጥ ይቀመጣል።

ግራፉን ስታዪ የወጣት ሰው ግብ አትፈልጊባቸው። በብዛት የሚጠቀሰው ከ70 እስከ 180 ባለው ክልል ውስጥ ከቀኑ 70 በመቶ በላይ መቆየት ነው። ለአረጋውያንና ለመውረድ ለተጋለጡ ሰዎች ግን በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት 50 በመቶ በላይ ይበቃል ይላል። የሚያጠብቀው ሌላውን ነው፤ ከ70 በታች የሚያሳልፉት ጊዜ ከ1 በመቶ ማነስ አለበት። ያ በቀን ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ምሳ በልተው 230 ቢገቡ አትደንግጪ። ሌሊት 62 ካየሽ ግን አትለፊው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቁጥሩን ስላየሽ በየሰዓቱ «ምን በላሽ?» እያልሽ አትደውዪ። እናቶች በዚህ ይሸማቀቃሉ። ጠላ ቀመሱ፣ ዳቦ ጨመሩ ተብለው ከሩቅ የሚታዩ ሲመስላቸው ሴንሰሩን ነቅለው ይጥሉታል፤ መብታቸውም ነው። ከመለጠፉ በፊት አስረጂያቸው። እነማን እንደሚያዩት ንገሪያቸው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። ለዝቅታ ብቻ እንደምትደውዪ ተስማሙ።

ጾሙን ሳላነሳ አላልፍም። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ የጠዋቱን ኢንሱሊን እንደ ወትሮው መወጋት በጣም አደገኛ ነው። ብዙ እናቶች ይህን ለሐኪም አይናገሩም፤ ይከለክለኛል ብለው ይፈራሉ። ሐኪማቸውንም ንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። ቅዳሴ ሲገቡ ስልኩ ድምፅ አልባ ይደረጋልና ያን ሰዓት አብሯቸው ያለው ሰው ይወቅ። ረመዳን ለሚጾሙ ቤተሰቦችም፣ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ የዓለም አቀፍ የስኳር ሐኪሞች መመሪያ ጾሙ እንዲፈታ ይመክራል።

ለጊዜው ይህን አድርጊ። ዛሬ ለአክስትሽ ልጅ ደውለሽ የኢንሱሊኑን ስም ከብልቃጡ ላይ፣ መጠኑን፣ የሚወጉበትን ሰዓት፣ የግፊት መድኃኒቱን ስምና ሁለቱ ሌሊቶች ስኳሩ የወረደበትን ሰዓት ትጻፍ። ያን ወረቀት ይዘው ሐኪማቸው ጋ ይሂዱ። ለእኔም ከላክሽልኝ የትኛው ሴንሰር እንደሚስማማቸውና ደወሉ በየትኛው ሰዓት እንደሚያስፈልጋቸው ለይቼ እጽፍልሻለሁ።